የፈንታ ወዲያኛው ዓይን

ትናንት ሙሽራው ከአማቱ ፊት ቆሞ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ያያችሁ እንግዶች ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። ሠርግ ቤት ካልተሳቀ የት ይሳቃል? «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ነው?» ያለችውን ልጅ ግን ሰምቻታለሁ፤ ጆሮዬ ገና አላረጀም። እንግዲያው ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ድሮ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ አያቴም ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ይኼ ደጃፉ ላይ የምታዩት ወይራ ገና ፍሬ ሳለ ነው። በዚያ ዘመን እዚሁ ወይራ ማርያም ፈንታ የሚባል ሰው ነበር። ጭቃ አቡኪ ነበር። ርስት የለው፣ በሬ የለው፤ ያሉት ሁለት እግሮቹ ናቸው። በእነዚያ እግሮቹ አፈሩንና ጭዱን እየረገጠ የአገሩን ግድግዳ ሁሉ ይመርግ ነበር። ሲረግጥ ደግሞ ይዘፍናል።

ጭቃዬ ጭቃዬ፣ አትመረር በእግሬ፤
ነገ ትቆማለህ፣ ቤት ሆነህ ላገሬ።

ዓይኑ አንድ ነበረች። ግራዋን በሕፃንነቱ እሾህ ወግቷት ጠፍታለች። ይህንን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሱ ራሱ «ለጭቃ አንድ ዓይን መች አነሰው!» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። ከሰው ሁሉ ይልቅ ዘርፌ ትወደው ነበር።

ዘርፌ የጭቃ ሹሙ የላቀው ልጅ ናት። «አማትየው ጭቃ ተሹሟል፣ አማችየው ጭቃ ይረግጣል፤ እንግዲህ ጭቃ ለጭቃ ተገናኙ» እያለ አገሩ ይቀልድ ነበር። ላቀው ግትር ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ለልጁ ይሳሳላታል። የፈንታን ሽማግሎች ተቀበለ፣ ሠርጉንም ለጥር ቆረጠ።

በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ። አገሩ ሁሉ ድንጋይ ተሸከመ፣ የአገሩ ከብት ሁሉ ጭድ ተሸከመ፤ የላቀው በቅሎ እንኳ አልቀረችም። ግድግዳውን የመረገው ፈንታ ነው። ሲደርቅለት በመዳፉ ዳሰሰውና «እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆነ» አለ። ከዚያ አለቃ ገብረ ዋህድ የሚባሉ ሠዓሊ ከሩቅ ተጠርተው መጡ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የእኛ አገር ሰው ሥዕል አይቶ አያውቅም። ጻድቃንን የሚያውቃቸው በጆሮው ነበር። አለቃ በሸራው ላይ እየሣሉ ከግድግዳው ሲለጥፉት ሰው አፉን ከፍቶ ያይ ጀመር። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ መጣ። ይሁዳ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ሰው ግራ ሲገባው አለቃ አስረዱት። «ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል» አሉ።

«ለምን?» አሏቸው።

«መምህሬ እንዲህ አስተማሩኝ። እሳቸውንም መምህራቸው።»

ይኼን ጊዜ ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ወደ መንደር ገባ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ሙሉ ፊቱን ማዞር ጀመረ። በገበያ፣ ገዥ ወደ ጎን ዞር ካለ ሻጭ እህሉን ይከድናል። ሚስት ባሏን «ምነው በጎን ታየኛለህ? ይሁዳ ሆንክ እንዴ?» ትለዋለች። ዲያቆኑ ከሰው ቤት ሲወጣ ጎኑን ላለማሳየት ወደ ኋላው እየሄደ፣ ስንት ጊዜ ከእንስራ ተጋጨ! ሥዕል ማለት እንዲህ ነው፤ አንተ አየሁት ስትል እሱ ዓይንህን ይለውጠዋል።

ለሌላው ሰው ጨዋታ ነበር። ለፈንታ ግን መከራ ሆነበት።

መጀመሪያ በማርያም ማኅበር ነው። ጽዋው እየዞረ ሲመጣ፣ ጽዋ የያዘችው ሴት ፈንታ ዘንድ ስትደርስ ቀና ብላ አንድ ዓይኑን አየች። አለፈችው። ማንም «ኧረ ፈንታን ዘለልሽው» አላለም። ትናንት አብረውት ሲስቁ የነበሩት ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ፈንታ ተነሣና ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አሉት።

«ከኋላ ሲታይ ማንም ዓይን የለውም። እስቲ በዚህ በኩል ቁጠሩኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋም እየሳቀች፣ እያፈረችም ጽዋውን በትከሻው ላይ አሳልፋ ሰጠችው። ሁሉም ሳቀ። ላቀው ግን አልሳቀም። ዓይን ቆጠረ፤ አንድ ብቻ ሆነበት። በማግስቱ ሽማግሎቹን ጠርቶ «ልጄን ይሁዳ ለሚመስል ሰው አልድርም። ሠርጉ ይቆይ» አላቸው። ዘርፌ ለመነችው፤ አልሰማትም።

ሁለተኛው የበቅሎዋ ነገር ነው። አንድ እንግዳ ወደ አገራችን መጣ። መልከ መልካም ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ጎላ ጎላ ያሉ ናቸው። የእኛን ወሬ በመንገድ ሰምቶ ኖሮ ማንንም ሲያናግር ሙሉ ፊቱን ይሰጣል። ከቤት ሲወጣም ወደ ኋላው እየሄደ ነው። «ይኼስ ከግድግዳው የወረደ ጻድቅ ነው!» አለ ሰው። ላቀው ቤቱ አስገባው፣ ጠጅ አቀረበለት፣ መደብ ለቀቀለት። ጠዋት እንግዳው «በቅሎዋን ውሃ ላጠጣልዎ» አለ። ፊቱን ወደ ላቀው እንዳደረገ፣ በቅሎዋን እየሳበ፣ ወደ ኋላው እየሄደ ከግቢ ወጣ። ላቀውም በር ላይ ቆሞ መረቀው። ሌባ መርቆ የሚሸኝ ጭቃ ሹም እዚህ አገር እንጂ የት ይገኛል!

ፈንታ ወንዝ ዳር ጭቃውን እየረገጠ ነበር። ሰውዬው በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ሲጋልብ በጎን አየው። በቅሎዋን ደግሞ ያውቃታል። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ጭድ ይዛ በመጣች ቁጥር ይዘፍንላትና እፍኝ ሽምብራ ይሰጣት ነበር። አልጮኸም፣ ድንጋይም አላነሣም። ዘፈነ።

ጭቃዬ ጭቃዬ፣ አትመረር በእግሬ...

በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። ሽምብራው ትዝ አላት። ሰውዬው ልጓሙን ቢስብ፣ ቢገርፍ፣ ቢሳደብ ወይ ፍንክች! ዞረችና እየሮጠች መጥታ ጭቃው ዳር ቀጥ አለች። እሷ ቆመች፤ ሰውዬው አልቆመም። በጭንቅላቱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ፈንታ ለበቅሎዋ ሽምብራዋን ሰጣት፣ ጭቃውንም ጭድ ጨመረበት።

አገሩ ሮጦ መጣ። ሌባውን ጎትተው ሲያወጡት አንደኛው ዓይኑ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ታዲያ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አላልንም? ይኸው አንድ ዓይን!» ብሎ እርፍ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ትክክል መሆኑን የሚያሳይበት አያጣም።

ላቀው በቅሎውን ተቀበለ፣ ፈንታንም አመሰገነ። ሁሉም ሳቀ። ላቀው ግን አልሳቀም። ዓይን ቆጠረ፤ አሁንም አንድ ብቻ ሆነበት። ደግነቱን አይቷል፤ ሥዕሉንም አይቷል፤ ሁለቱ አልገጥም አሉት። በመጨረሻ «እንግዲህ ፈንታ፣ ቃሌ ይኼ ነው። አለቃ ከጻድቃኑ ጋር በሁለት ዓይን ከሣሉህ ልጄን እሰጥሃለሁ። ካልሣሉህ ግን ቀረ» አለ።

ሦስተኛውና ከባዱ ፈተና ይኼ ነበር። ምኑ ከባድ ነው ትሉኛላችሁ፤ አለቃ እኮ ፈንታን ይወዱታል። እንደ እሱ ግድግዳ ያለሰለሰላቸው ሰው የለም። «ለአንተ ቀለም አልሰስትም። ከሰማዕታቱ አጠገብ አቆምሃለሁ። ሁለት ዓይን፣ ብትፈልግም ጢም እጨምርልሃለሁ» አሉት።

ጥር ገብቷል። ዘርፌ እየጠበቀችው ነው። አንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው የቀረው። ፈንታን ልቡ «እሺ በል» ይለዋል። ዞሮ ግድግዳውን፣ በእጁ የመረገውን ግድግዳ፣ አየ።

«አይሆንም፣ አለቃ» አለ።

«ለምን?»

«ያን ባለ ሁለት ዓይን ሰውዬ ዘርፌ ካገባችው እኔ ምን ልሆን ነው? ሚዜው?»

አለቃ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ወሬው ዘርፌ ዘንድ ሲደርስ አለቀሰች። «ሞኝ!» አለችው ፊት ለፊቱ። ከዚያ ሚዜ ያለው ትዝ ሲላት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እኔም እሱን ሰውዬ አላውቀውም» አለችው። ላቀው ግን «እንግዲያው ቀረ» አለ። ሽማግሎቹም ዱላቸውን እያነሡ ወደ የቤታቸው ሄዱ።

አሁን የቀረው የእመቤታችን ግድግዳ ብቻ ነበር። ለእሱ ሸራውንም ቀለሙንም የሰጠው ላቀው ነው። የሰጠ ሰው ደግሞ ከሥሯ ተንበርክኮ ይሣላል፤ ደንቡ ነው። አለቃ «ፊትዎን ወዴት ላድርገው?» ብለው ጠየቁት።

«ምን ጥያቄ ነው! ወደ እመቤቴ ነዋ! ለሰው ብዬ ጀርባዬን ልስጣት?»

«መልካም» አሉ አለቃ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው ነበር የሚሉ አሉ፤ አልነበረም የሚሉም አሉ። እኔ አልነበርኩም።

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ መጋረጃው ተከፈተ። ሕዝቡ እልል አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሁለት ዓይኖቿ አገሩን ሁሉ እያዩ። ከሥሯ ላቀው በነጭ ኩታ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ እሷ አቅንቶ። እልልታው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ሰው እንደ ልማዱ መቁጠር ጀምሮ ነበርና። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካል። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ግን ይርገበገባል።

ላቀውም ቀረብ ብሎ አየ። ዓይን ቆጠረ፤ አንድ ብቻ ሆነበት።

ከሴቶቹ በኩል ዘርፌ በቀስታ «አባዬ» አለችው፤ በዚያ ዝምታ ግን ሁሉም ሰማት። «ሌላው ዓይንህ የት ሄደ?»

ላቀው ፊቱ ቀላ። «የት ይሄዳል! በወዲያ በኩል ነው! ለእናንተ ባይታያችሁ ነው እንጂ እመቤቴን እያየ ነው!»

ከአፉ የወጣውን በጆሮው ሰምቶታል። በሩ አጠገብ ፈንታ ቆሟል፤ የበዓል ልብሱን ለብሷል፤ የእግሩ ጭቃ ግን ታጥቦም አልለቀቀም።

«የእኔዋም እዚያው ናት፣ ጌታዬ» አለ ፈንታ። «እንግዲያ በወዲያ በኩል ይተያያሉ።»

ላቀው ፈንታን አየ። ሥዕሉን አየ። እንደገና ፈንታን አየ። ከዚያ ያ በማኅበሩ ያልሳቀ፣ በወንዙ ያልሳቀ ሰው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ፣ ዲያቆኑም ሳቀ፣ የጽዋዋ ሴትዮ መቋሚያ ተደግፋ ሳቀች። ላቀው ሲስቅ እንባው ወረደ፣ ከሁለቱም ዓይኖቹ። ፈንታን አቀፈውና «ልጄን ውሰድ። ይቅር በለኝ» አለው። ተመልሶ የመጣው እልልታ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር።

የሠርጉ ቀን ላቀው በሩ ላይ ቆሞ ሙሽራውን አስቆመው። ሰው ሁሉ እየሰማ «ዓይንህ ስንት ነው?» አለው።

«አንድ እዚህ፣ አንድ በወዲያ።»

«እዚያ ያለችው ማንን ታያለች?»

«የእርስዎን ዓይን» አለ ፈንታ። በሩ ተከፈተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በወይራ ማርያም ሙሽራ ሁሉ ከአማቱ ፊት አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አማትየው ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። እኔም ጨፍኛለሁ፤ አማቴ ቀልደኛ ስለነበሩ እስኪደነዝዘኝ አስጨፈኑኝ። ሙሉ ፊት ሰጥቶ ሰላም ማለቱንም አልተውነውም፤ ደግ ልማድ ነው፣ ከሥዕሉ ቀርቶልናል። ሰው ግን ሰውን በሩቁ አይቶ «እሱማ ክፉ ነው» ሲል ዛሬም «ወዲያኛውን ዓይኑን አየኸው?» እንለዋለን።

አለቃም ከመሄዳቸው በፊት ከግድግዳው ግርጌ አንድ ሰው ሣሉ። ፊት ለፊት ነው የሚያየው፣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ እግሮቹ ጭቃ ውስጥ ናቸው፣ አፉ ለዘፈን ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ሥዕል ከማንም አልተማሩም ነበር። ነገ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት፤ ቀለሙ ለቋል፣ እግሮቹ ግን አሉ።

አሁን አንቺ የሳቅሽው ልጅ፣ እስቲ ጨፍነሽ አሳዪኝ። እሰይ! እኔ ከአያቴ የተቀበልኩትን ሰጥቻችኋለሁ። የጎደለ ካለ በወዲያ በኩል ነው።