የእንስሳቱ እድርና ሁለቱ ዲስኮች

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላማ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት እድር ነበራቸው። እድሩ የሞተውን ይቀብራል፣ ያዘነውን ያጽናናል፤ ከሁሉ በላይ ግን የአባላቱን ድምፅ ይጠብቃል። አንድ እንስሳ ወደ እድሩ ሲገባ ወይም ልጅ ሲወልድ የእሱም የልጁም ድምፅ ይቀዳል። የሞተ እንደሆነ ዘመዶቹ በሙት ዓመቱ ተሰብስበው ያንን ድምፅ ይሰማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ቀለል ብሏቸውም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ድምፆቹ የሚቀመጡት ዋሻ ውስጥ ባለች፣ በፀሐይ ኃይል በምትሠራ ትንሽ ሰርቨር ላይ ነበር።

የሰርቨሯ ጠባቂ አህያ ነበረች። አህያ ሁለት ውርንጭላ ቀብራ ሦስተኛውን ስትወልድ ስሙን ማስረሻ አለችው። ማስረሻም በስምንት ወሩ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። የቀረላት አሥራ አንድ ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ማስረሻ ማናፋት ይጀምርና መሃል ላይ ሳቁ ያመልጠዋል። አህያ በየጠዋቱ የሰርቨሯን አቧራ በጭራዋ ካራገፈች በኋላ አንድ ጊዜ ትሰማዋለች። ከአንድ ጊዜ በላይ አትሰማም፤ ያልቅብኛል ብላ የምትሰጋ ይመስለኛል።

የእድሩ አባል እየበዛ ሲሄድ የሰርቨሯ ዲስክ ሞላ። እንስሳቱም አህያን ገበያ ልከው ሁለት አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች አስመጡ። መቼም ሸክም ሲኖር ከአህያ ሌላ ማን ትዝ ይላቸዋል?

ሻጩ ዝንጀሮ ዲስኮቹን ሲያስረክባት ሁለት ዓይነት አገጣጠም እንዳለ አስረድቷት ነበር። በመጀመሪያው፣ አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ ቦታው የአንድ ዲስክ ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ቢሞት ግን ሌላው አለ። በሁለተኛው፣ ሁለቱ ተጋጥመው እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ይሠራሉ፤ ቦታው እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ግን ተከፋፍሎ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ስለሚቀመጥ አንዱ ከሞተ የሁለቱም ይጠፋል። የቱንም ብትመርጡ፣ አለ ዝንጀሮ፣ አንድ ሌላ ቅጂ ከዋሻው ውጭ ይኑራችሁ። አህያ ይህን ሁሉ አንድም ሳታጎድል ለስብሰባው ተናገረች።

ስብሰባውን የሚመራው አንበሳ ነበር። አንበሳ ስለ ዲስክ የገባው ነገር አልነበረም፤ አልገባኝም ማለት ደግሞ ለጎፈሩ የሚመጥን አልመሰለውምና እንደገባው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይሄኔ ጅብ ተነሣ።

«ሁለት ዲስክ ገዝተን በአንዱ ብቻ ልንጠቀም? ይሄ እኮ ሁለት በግ አርዶ አንዱን እያዩ መዋል ነው» አለ።

ጅብ ቦታ የፈለገው ለምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። በየሠርጉ ድንኳን ጀርባ ተሸሽጎ የሚቀርጸው የሥጋ ቪዲዮ አለው፤ በራበው ቀን እሱን እያየ ምራቁን ይውጣል። እንስሳቱ ወደ ቀበሮ ዞሩ፤ በሸለቆው ኮምፒውተር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና። ቀበሮ እውነቱን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን እሱም የየመንደሩን ዶሮ ቤት፣ ውሻው የሚተኛበትን ሰዓት ሳይቀር ቀርጾ የሚያኖርበት ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ጅብም ከሚተርፈው ቦታ ሲሶውን ቃል ገብቶለታል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አዲስ ዲስክ እንዲህ በዋዛ እንደማይሞት፣ ቅጂ ቅጂ ማለትም የፈሪ ወሬ እንደሆነ ተናገረ።

አህያ ተነሣች። «ጌታዬ ሊቀ መንበር፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ልጄ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ዲስክ ቢታመምስ?»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «እሜቴ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? እኔ አለሁ አይደል?»

አንበሳ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ደስ አለው። ብድግ ብሎም መረቀ፤ አይጉደልብን፣ አይጥፋብን፣ ቦታውን ያስፋልን አለ። እንስሳቱ ሁሉ አሜን አሉ። በዚያ እድር ደንብ በምርቃት የተዘጋ ጉዳይ ተመልሶ አይከፈትም፤ የሚያነሣው ምርቃቱን እንደረገጠ ይቆጠራል። አህያም ከሌሎቹ ጋር አሜን ብላ ተቀመጠች።

ቀበሮ ሁለቱን ዲስኮች ጅብ እንደፈለገው አጋጠማቸው፣ ድምፆቹን ሁሉ ገለበጠባቸው፣ አሮጌውንም ዲስክ ነቅሎ ጣለው። አህያ አሮጌውን ቤቷ ወስዳ ልታስቀምጠው አስባ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ እያለች ስታመነታ፣ ጅብ አነሣው፤ አሸተተው፤ ቆረጣጥሞም በላው። ብረት እኮ ነው ቢሉት ከአጥንት በምን ይለያል ብሎ አፉን ጠረገ። እንስሳቱ ሳቁ። አህያ አልሳቀችም።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ አህያ አንድ ጠዋት ከሰርቨሯ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማች። የማስረሻን ድምፅ ስትከፍተውም እንደ ወትሮው ወዲያው አልመጣም፤ ቆይቶ፣ እየተቆራረጠ መጣ። አህያ ድምፅ መክፈት እንጂ መገልበጥ አታውቅም። እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ሄደችና ሌላው ቢቀር ያቺን አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥላት ለመነችው። ሥራው እንኳን ቀን፣ ሰዓትም አይፈጅም ነበር። ቀበሮ ግን ወደ ዶሮ ቤት መንገድ ጀምሯል።

«ሰኞ እመጣለሁ። እኔ አለሁ አልኩዎት እኮ» ብሏት አለፈ።

ሰኞ መጣ፤ ቀበሮ አልመጣም። አህያ ወደ አንበሳ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። የተመረቀበትን ጉዳይ አነሣች ብለው ቢያሙኝስ አለች። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን እያወቀች ይሉኝታ እግሯን አሰራት። እኔ ይህን ተረት በተረትኩ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ እናደዳለሁ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ቀጭ ቀጩ ቆመ። አህያ የተሻለው መስሏት እፎይ አለች። አቧራውን አራገፈችና የልጇን ድምፅ ከፈተች። ምንም አልመጣም። ደግማ ከፈተች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት፣ አራት፣ አሥር ጊዜ ከፈተችው።

ቀበሮ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሰርቨሯን ፈታ፣ ብዙ ጎረጎረ፣ በመጨረሻም አንደኛው ዲስክ መሞቱን ተናገረ። ሁለተኛው ደኅና ነው፤ ግን በውስጡ ያለው ግማሽ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ደግሞ አይከፈትም። ይህን ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበና ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኔ አለሁ ባዩ በሸለቆው አልታየም።

እንስሳቱ ዋሻው ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን ለሐዘን ተቀመጡ። ቀድሞ የተቀበሩት ሁሉ እንደገና የሞቱ ያህል ነበር። አንበሳ ራሱን ደፍቶ፣ ያን ዕለት ነገሩ እንዳልገባውና መጠየቅ እንዳፈረ ተናገረ። እኔም ብዬ ነበር፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር የሚለውም በዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እነዚህ ግን ጅቡ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ነው አፋቸው የተፈታው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሲበተን ጅብ ወደ ኋላ ቀርቶ ወደ አህያ ቀረበ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

«እሜቴ፣ የእናቴም ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር ለካ» አላት።

«ነበር፣ አያ ጅቦ።»

«አራት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም። አለ ብዬ... እርስዎ የሁሉንም ሲሰሙ ኖረዋል። እንዴት ነበር?»

አህያ ፊቷን ብታዞርበት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና አሰበች። እናቱ መጀመሪያ እንደሚያስላት፣ ከዚያ ድምፅዋ ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገረችው። መጨረሻ ላይ፣ መቅዳቱ ያበቃ መስሏት፣ ቀጂውን በሹክሹክታ ትጠይቀዋለች አለችው።

«ምን ብላ?» አለ ጅብ።

«‹ልጄ በልቷል?› ብላ።»

ጅብ አፉን ይዞ አለቀሰ። ሲበቃው እንባውን ጠረገና ውለታዋን ሊመልስ ፈለገ። የማስረሻን ድምፅ ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ሰምቼው አላውቅም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች አህያ። «ዘመድ የለኝም፤ ከእኔ በቀር የሰማው የለም።»

ከዚያ በኋላ አህያ ድምፁን በየጠዋቱ በልቧ ትሞክረው ነበር። ማናፋቱ ይመጣል። ሳቁ የቱ ጋ እንደሚጀምር ግን እየተምታታባት ሄደ፤ በሚቀጥለው ክረምት ጭራሽ ጠፋባት።

ከዚህ የምንማረው፣ ቢጠፋ የማይተካ ነገር ያለው ሁሉ «እኔ አለሁ» ባይን ተማምኖ ከሚያድር፣ ቦታ ቢጠብበትም ሰው ቢያማውም ሁለተኛውን ቅጂ በጊዜ ማስቀመጥ እንዳለበት ነው።