በቅሎ የተላከች ዕለት

«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» በሉኝ። ይህን የሰማሁት በወጣትነቴ፣ ጆንያ ተሸክሜ በምኖርበት ዘመን ነው። ስለዚያ ዘመን ሌላ አልናገርም።

አህዮች ጨው ጭነው ከአንበሳ ኬላ ደረሱ። ዘበኞቹ «ፈቃድ ጠብቁ» ብለው ከነጭነታቸው አቆሟቸው። ሰማዩ ጠቆረ፤ ቢዘንብ ጨዉ ሟሙቶ ማለቁ ነው። የአህዮች ማኅበር መክሮ በቅሎን ወደ ችሎት ላከ።

ከአንበሳው ጎን የቆመው ፈረስ ሲያያት ሳቀ።

«ነይ እስቲ የእህቴ ልጅ፣ አባትሽ ማን ነው?»

ችሎቱ በሙሉ፣ እንደ ልማዷ «ፈረስ አጎቴ ነው» ብላ እስክትሸሽ ጠበቀ።

በቅሎ ወደ አንበሳው ቀና አለች። «አባቴ አህያ ነው፤ አሁን ከነጭነቱ በርዎ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ከቀደመን እርሱ የድካሙን ዋጋ ያጣል፤ ጃንሆይም ያለ ጨው ይበላሉ።»

አንበሳው «በሩን ክፈቱ» አለ። «ከእንግዲህ የእነሱን ቃል ለእኔ፣ የእኔንም ለእነሱ ይህች ታድርስ።»

አህዮቹ ሲያልፉ ሽማግሌው አባቷ ቆም አለ።

«ምን ብለሽ ነው ያስከፈትሽው?»

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ጆሮዎቹን አቆመ፤ በፈረሱ ፊት፣ በመንገዱ መሀል አለፈ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።