የሸህ እንድሪስ የውሃ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ሁለት ዓመት አከታትሎ በቀረበት ዘመን፣ ቆሪሳ በምትባል የወሎ ቆላ ከተማ የምንጭ ውሃ የሚጠራቀምበት አንድ ገንዳ ነበር። ገንዳው አንድ የብረት በር፣ በሩም አንድ ቁልፍ ነበረው። ማን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ፣ የማን ከብት ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። በቆሪሳ መንግሥት ማለት ቁልፉ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

ቁልፉን ሠላሳ ዓመት የያዙት ሸህ እንድሪስ ነበሩ። ኢማሙም ሊቀመንበሩም እሳቸው ስለሆኑ፣ ኢማምነቱ የት አብቅቶ ሊቀመንበርነቱ የት እንደሚጀምር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሊሞቱ ሲሉ ቁልፉን ለሴት ልጃቸው ለሩቅያ ሰጡና፣ «አደራ ነው። ለሚተካኝ ስጪው፤ ሰው እንዳታስጠሚ» አሏት። ማን እንደሚተካቸው ግን ሳይናገሩ ዐረፉ። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ከባዱን ነገር ለቀሪው ትተው ይሄዳሉ። ሩቅያ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ነገሩ እስኪለይ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሩን እየከፈተች ለየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ታስቀዳ ጀመር።

ሩቅያ ሦስት ወንድሞች ነበሯት።

ታላቁ ሙህዲን ነው፤ ኪታብ የቀራ፣ አባቱን ተክቶ ጀመዓውን የሚያሰግድ። በዚያ አገር ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም፤ እጁን ዘርግቶ አሚን ያለ ሰውም ቃል እንደሰጠ ይቆጠራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ። ዝናብ ለመኑ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። ለታመሙት ለመኑ፤ አሚን አለ። ቀጥለው፣ «ያ ረቢ፣ ሙህዲንን በአባቱ ቦታ አቁምልን!» ቢሉ፣ አሚን ሲል የቆየ አፍ ሁሉ «አሚን!» አለ። ሩቅያም ከመጋረጃው ጀርባ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ ከሴቶቹ ጋር አሚን አለች። ሙህዲን ሹመቱን አልለመነም፤ ከመጣለት በኋላ ግን አልሸሸውም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች በወረፋ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ ሮጦ መሃላቸው ገባ። «በሉ መጀመሪያ እኔን ምቱኝ!» አለ። እሱን የሚመታ እጅ ጠፋ፤ የታች ሰፈር ክርስቲያኖች እንኳ ዱላቸውን ጣሉ። እሱ ባይኖር ያን ቀን ሰው ይሞት ነበር።

መካከለኛው ሰይድ መምህር ነው። እሱም ወንድሙን አከበረ፤ ዝም ግን አላለም። «ወንድምጋሼ፣ አሚን ያለው መስጊድ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የታች ሰፈር ሰው ከዚሁ ገንዳ አይደለም እንዴ የሚጠጣው? አሚን ያላለ አይጠማም?» አለው። ሰኞ ዕለት ዋርካው ሥር በጨርቅ የተከለለ ሣጥን አስቀመጠ። ላይና ታች፣ ወንድና ሴት ሳይል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ በቆሎና አንድ ፍሬ ሽምብራ ታደለ፤ በቆሎው ለሙህዲን፣ ሽምብራው ለሰይድ። ሩቅያ ከጨርቁ ጀርባ ሁለቱን ፍሬ ይዛ ቆመች። ማንም ሐሳቧን ጠይቋት የማያውቃት የታች ሰፈር ወዳጇ ይመኙሻል ትዝ አለቻት፤ ሽምብራዋን ጣለች። ፍሬው ሲቆጠር ሰይድ በሰባት በለጠ። የታች ሰፈር ሰው ደግሞ ሁሉም ተደምሮ መቶ አይሞላም፤ የላይ ሰፈሩ ግን ከአምስት መቶ ይበልጣል። ስለዚህ ጁምዓ አሚን ካሉት ብዙዎቹ ሰኞ ሽምብራ ጥለዋል ማለት ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» እንዲሉ። አያ ሙሄ ራሳቸው ምን እንደጣሉ ቢጠየቁ ሳል ያዛቸው።

«ለአላህ የተባለ አሚን በሽምብራ አይሻርም» አለ ሙህዲን።

«ሰዉ በይሉኝታ ያለውን በነጻነት አስተካከለው» አለ ሰይድ።

ሁለቱም፣ እኔ ሳልረከብ ያ በር እንዳይከፈት ብለው እህታቸውን አስጠነቀቁ። የላይ ሰፈር ጎረምሶች በአንድ ወገን፣ የሰይድ ሰዎች በሌላ ወገን ሆነው በሩን ይጠብቁ ጀመር። ሩቅያ ፈራች። ብትከፍት ደም፣ ብትዘጋ ጥም። ዘጋችው። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕ አለፈ። ጥጆች ወደቁ። የይመኙሻል ጨቅላ ማልቀስ አቆመች፤ ይኼ ከለቅሶው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ታናሹ ኑሩ ግንበኛ ነው፤ ጁምዓ መጨረሻ ላይ ደርሶ ጫማ ማውለቂያው አጠገብ የሚሰግድ። በምርጫው ዕለትም ምንጩን ሲጠርግ ስለዋለ ፍሬ አልጣለም፤ የጣለለትም የለም። ሐሙስ ጠዋት መጥቶ እህቱ ፊት ቆመ።

«እታለም፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«ማን ሾመህ?»

«ማንም። ጥሙ አይበቃም?»

ሩቅያ ክሩን ፈታች። ኑሩ ዱላ በያዙት መሃል ባዶ እጁን አልፎ በሩን ከፈተ፤ የማንም ወገን ስላልነበረ የመታው የለም። ጨቅላ ያዘሉትን አስቀደመ፤ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ሌላው ሰው፣ መጨረሻ ከብት። የላይ ነህ የታች ነህ ብሎ አልጠየቀም። የራሱ ቤት ተራ ሲደርስ የዕለቱ ውሃ አልቆ ነበር። ቁልፉን ለእህቱ መለሰና ደረቅ ጀሪካኑን ይዞ ሄደ። የይመኙሻል ልጅ ማታውን አለቀሰች፤ ሩቅያም ደስ ብሏት አብራ አለቀሰች።

ያኔ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ተነሣ፤ «ቁልፉ ለኑሩ!» የሚል።

«ያልተመካከሩበት ደግነት ቅሚያ ነው» አለ ሙህዲን። «ሹራ፣ ተመካክሮ መወሰን፣ በሃይማኖታችን ያለ ነው።»

«ዛሬ ደግ ነው፤ ነገ ቢከፋ በምን እናወርደዋለን?» አለ ሰይድ።

«ሹመት አልፈለግሁም» አለ ኑሩ። «ግን ከእናንተ አንዱ ቢይዘው የሌላው ወገን እንዳይጠማ ዋሱ ማን ነው? ሁለት ቀን ስትዘጉት አይቻለሁ። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

በማግስቱ ከጁምዓ አዛን በፊት ከተማው ሁሉ የብረቱ በር ፊት ወጣ። ዱላዎቹ ተመልሰው መጥተዋል። ይመኙሻል ልጇን አዝላ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ከፊት ቆማለች። ሦስት ወንድማማቾች ሦስት እጅ ዘረጉ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ ሩቅያ፣ የአባትሽን አደራ ተወጪ» አሉ አያ ሙሄ፤ ለማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አልተናገሩም።

ሩቅያ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ለማንም ግን አልሰጠችም። ያስፈራት ዱላው ብቻ አልነበረም። ለሙህዲን አሚን ያለችው እሷ ናት። ለሰይድ ሽምብራ የጣለችው እሷ ናት። ለኑሩ ክሩን የፈታችለትም እሷው ናት። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሾማለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከልቧ ነበር። ቀና ብላ ሕዝቡን ብታይ፣ እንደሷ ከአንድ በላይ ያልሾመ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ግን ዐይኑን እሷ ላይ ተክሏል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እናንተም ከሥሩ ተከራከሩበት። ብቻ አትቆዩ፤ ሙአዚኑ ሊጣራ ነው፤ ሰዉም ፀሐይ ላይ ቆሟል። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? አሚን ለተባለለት ነው፣ ድምፅ ለበዛለት ነው፣ ወይስ ማንም ሳይሾመው ውሃውን በትክክል ላደለው?