አሥርን ያልመታው ሰዓት

አንድ ጊዜ አንበሳ ከፈረንሳይ አገር የመጣ አሮጌ የጉዞ ሰዓት ነበረው፤ ዙሪያው መስታወት፣ እጀታው ነሐስ። በየሰዓቱ ይደውላል፤ አናቱ ላይ ያለችውን አዝራር ሲጫኑ ደግሞ ያንኑ ሰዓት መልሶ ይደውላል። ፊቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቁጥር የሚያነብ ስለሌለ፣ የዱሩ ሕግ በደወሉ ነበር። አሥር ሲመታ አህያ ጭነቱን አራግፎ ቤቱ ይገባል፤ አሥራ ሁለት ሲመታ ጅብ ከዋሻው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ደጅ የተገኘ ሁሉ የጅብ ነው።

ሰዓቱን የምትጠብቀውም፣ የአንበሳን ጎተራ የምታሠራውም እመት ቀበሮ ነበረች። አንበሳ «ግድግዳው ዛሬ ካላለቀ ወዮልሽ!» ብሏታል።

አህያ ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ሲያመላልስ ጀርባው ተልጧል። መድከሙ ራሱ ሰልችቶታል።

«እሜቴ፣ አሥር አልደረሰም እንዴ?»

ቀበሮ አዝራሯን ጫን አደረገች። ዘጠኝ ጊዜ ደወለ። «ሰማህ አይደል? በል አንድ ዙር ድገም።»

ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተጫነች። ሳይጠይቃትም ተጫነች። አሥር ሳይደርስ ደወሉን የሚያስመታው ጥምዝ ብረት፣ ሞላው፣ ከመጫን ብዛት ላልቶ አለቀና ሰዓቱ ዝም አለ። ቀበሮ ጭራሹን የቆመ መሰላት፤ ደስም አላት። አህያ ግን አሥርን ሲጠብቅ፣ ሲጭንና ሲያራግፍ ፀሐይ ጠለቀች።

ጅብ ከዋሻው ደጃፍ ለሃጩን አዝረበረበ። «እመት ቀበሮ፣ ይቺ አሥራ ሁለት ምን ነካት? አንጀቴ ታጠፈ እኮ!»

«ታገስ አያ ጅቦ፣ ገና ዘጠኝ ነው።»

ጅብ የጨለመውን ሰማይ አየና «እንግዲያው ገና ነዋ» ብሎ ቁጭ አለ።

ይህን ጊዜ አህያ ድንጋዩን መንገድ ላይ ዘረገፈው። «እሜቴ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ደክሞኛል። በቃኝ።» በጅብ ፊት እግሩን እየጎተተ አለፈ። ጅብ አሸተተው፤ ደወል አልሰማምና አልነካውም።

«ቁም! ዘጠኝ መሆኑን በገዛ ጆሮህ ትሰማለህ!» አለች ቀበሮ፤ የደወሉን ሞላ ጠምዝዛ አዝራሯን ተጫነች። ፊቱ ላይ የሚዞሩት ቆጣሪዎች ግን የራሳቸው ሞላ አላቸው፤ ሲሄዱ ነው የዋሉት።

አንድ፣ ሁለት እያለ ዘጠኝ ደረሰ። ቀበሮ ፈገግ አለች። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

ጅብ ተነሣ። አህያ ቤቱ ገብቷል፤ ደጅ የቀረችው ቀበሮ ብቻ ነበረች። አህያ ከቤቱ ሆኖ ጩኸቷን ሲሰማ አሳዘነችው፤ ብድግ የሚልበት ጉልበት ግን አላስተረፈችለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ የደከመውን በውሸት ደወል ከቤቱ ያስቀረ፣ እውነተኛው ደወል ሲመታ ራሱ ደጅ እንደሚገኝ ነው።