ከፊደሏ ሥር

አንዲት መምህርት ወደ የኔታ መጥታ ጠየቀቻቸው። «የኔታ፣ ከተማሪዎቼ አንዷ ወደ ኋላ ቀረችብኝ። ብቆጣ ብቆጣ ደህናዎቹ ይሸማቀቃሉ እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም። ምን ላድርግ?»

የኔታ እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሠርግ ጥሪ ካርድ ማተም ነው። ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን በእጁ አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል፤ ቀለም ይቀባቸዋል፤ ወፍራም ወረቀት ያለብሳቸውና የማተሚያውን እጀታ ይጫናል። እሱ ያተመው ጽሑፍ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰምጥ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

አንድ ባለጠጋ ለወንድ ልጁ ሠርግ ካርድ አዘዘው። ሙሽራይቱ የድሀ ልጅ ነበረች። «አደራህን፣» አለው ባለጠጋው፣ «የሷ ስም ጎልቶ ይውጣ። ዘመዶቿ እንደሆኑ ከአሁኑ ሆድ ብሷቸዋል። ናቁን ካሉ ልጅቷን አይሰጡንም።»

አታሚው የመጀመሪያውን አትሞ ወደ ብርሃን ቢያወጣው የሌላው ሁሉ ስም ደምቋል፤ የሙሽራይቱ ስም መነሻ ፊደል ግን ደብዝዛለች። ደነገጠ። ቀለም ቢጨምር ጎረቤቶቿ ጨቀዩ። እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ቢጫን ሌሎቹ ወረቀቱን በሱት፤ እሷ ያው ናት። ሊረግማት አፉን ከፈተና ተወው። «ቆይ እስቲ፣ ምን ሆና ነው?» አለ። ነገሩ ገረመው። ጎንበስ ብሎ በፊደላቱ አናት ላይ ጣቱን ሰደድ ቢያደርግ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ጣቱ ዝቅ አለ። ስንት ዘመን ስታትም ኖራ፣ አልቃ፣ ከጓደኞቿ በፀጉር ያህል አንሳለች። ምትክ ደግሞ የለውም።

ከስስ ወረቀት የጥፍር ያህል ቀደደ። ፊደሏን አንሥቶ ከሥሯ አነጠፈላትና ወደ ቦታዋ መለሳት። እጀታውን እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ተጫነ። ስሙ ከዳር እስከ ዳር ወጣ! ብቻውን ቆሞ ሳቀ።

የሙሽራይቱ አባት ካርዱን ተቀብለው የልጃቸውን ስም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ልጄን አክብረዋታል» አሉ። ሠርጉም ሆነ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ግን ያያት የለም።

የኔታ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ልጄ፣ እጀታው በአንቺ እጅ ነው፤ ስትጫኚም ከርመሻል። ልጅቷ ምን እንደጎደላት ጠይቀሻታል?»

«ኧረ አልጠየቅኋትም፣ የኔታ።»

«በይ ተነሺ። ስትጠይቂያት በሰው ፊት አይሁን። ከሥሯ የምታነጥፊላትንም አንቺና እሷ ብቻ እወቁት።»