ሁለቱ ካሜራዎችና የዝግባምባ ጉሬዛ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ቀረብ በሉ፣ ጸጥም በሉ፤ የዛሬው የሚያስቅ አይደለም።

ምሳር በሚናገርበት፣ ጉሬዛ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ በምታወራበት፣ ካሜራም አፍ አውጥቶ በሚፎክርበት ዘመን፣ ዝግባምባ የሚባል አንድ ጫካ ነበረ። ጫካው ከወንዝ ማዶ፣ ዳገት ላይ ነው። ዛፎቹ ከመርዘማቸው የተነሳ ፀሐይ እንኳ መሬቱን ለማየት ትቸገር ነበር። ከዛፎቹ አናት ላይ የጉሬዛ ቤተሰብ ይኖራል፤ አያ ጉሬዛ፣ ሚስቱ እሜት ጉሬዛ፣ የሚስቱ እህት፣ ደግሞም ገና ወር ያልሞላው ጨቅላ። ጉሬዛ መሬት አይወድም። ቅጠሉን እዚያው ላይ ይበላል፣ ጤዛውን እዚያው ላይ ይልሳል፣ ልጁንም እዚያው ላይ ይወልዳል። ስለዚህ ከታች ለሚያልፍ ሰው ጫካው ባዶ ይመስላል።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ምሳር ወደ አገሩ ዳኛ ወደ አባ ሞገሴ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ያ ጫካ ባዶ ነው» አለ። «ስንት ዘመን ዝም ብሎ ቆሟል። ይፍቀዱልኝና ቆርጬ ከሰል ላድርገው።»

ይህን ወሬ ቁራ ሰምቶ ለእሜት ጉሬዛ አደረሰላት። እሷም ልጇን ለእህቷ ሰጥታ፣ ከአጥር አጥር እየዘለለች፣ ዳኛው ግቢ ደረሰች።

«አባ ሞገሴ፣ ጫካው ባዶ አይደለም። ቤታችን ነው። የወለድኩት እዚያ ነው።»

ዳኛው ጢማቸውን እየዳበሱ ቆዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን በዓይናቸው ያላዩትን አያምኑም።

«ምሳር ባዶ ነው ይላል፣ አንቺ ቤቴ ነው ትያለሽ» አሏት። «የእሱም ቃል ነው፣ ያንቺም ቃል ነው። አንቺን የማይሽ መሬት ላይ ነው፤ ከሌላ አገር መጥተሽም ይሆናል። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ታሞ ዳገት አልወጣም። እናት ከነልጇ ዛፉ ላይ ሆና የምትታይበት ፎቶ አምጪልኝ። ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ።»

በዚያች ከተማ ጎሹ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሰርግና ክርስትና ሲያነሳ የኖረ፣ ደግ ግን ጥሩ ለተናገረ ሁሉ ቶሎ የሚሸነፍ ሰው ነው። የራሱ ካሜራ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ከተበላሸ ቆይቷል። እሜት ጉሬዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ጎሹ፣ ቤቴ ሊፈርስብኝ ነው። ፎቶ አንሳን።»

«አነሳችኋለሁ። ቤታችሁ ምን ይመስላል?»

«ከፍ ያለ ነው። ጨለማም ነው።»

ጎሹ እየሮጠ ወደ እትዬ ውብዳር ፎቶ ቤት ሄደ። እትዬ ውብዳር ነገሩን ሰምታ ሁለት ካሜራ ከመስታወት ሳጥኑ አወጣች።

«አንዱን ብቻ ነው የማውስህ ወንድሜ፤ በአንዱ እኔ የመታወቂያ ፎቶ አነሳበታለሁ። የትኛውን እንደምትወስድ ራስህ ምረጥ» አለችው።

አንደኛው ሰዎች ሚረርለስ የሚሉት ነው። ገላው ደልደል ያለ፣ ዓይኑ ሰፊ፣ ሌንሱ እየተነቀለ የሚቀየር ነው። እትዬ ውብዳር ጋ የነበረችው ሌንስ ግን አንዲት አጭር ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ሱፐርዙም የሚሉት ነው። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ትንሽ ካሜራ ሆኖ ሌንሱ አይነቀልም፤ ሲነኩት ግን እንደ ኤሊ አንገት እየረዘመ ይወጣል።

«ከፍ ያለና ጨለማ ቦታ ነው የምሄደው። ምን ትችላላችሁ?» አላቸው ጎሹ።

«ከፍ ያለ አልክ?» አለ ሱፐርዙም ቀደም ብሎ። «ከፍታ ለእኔ ምንድን ነው? አንገቴን ሳወጣ የጭልፊትን ጥፍር ከዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ። ኪስህ ውስጥ እገባለሁ፣ አልከብድህም። እኔን ውሰድ።»

«ጨለማ አልክ?» አለ ሚረርለስ። «ጨለማ ለእኔ ምንድን ነው? ዓይኔ ሰፊ ነው። በሻማ ብርሃን የሙሽራ እንባ አንስቻለሁ። እኔን ውሰድ።»

ሱፐርዙም ስለ ጨለማ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሚረርለስም ስለ ከፍታ ዝም አለ። ጎሹም አልጠየቃቸውም። አንዱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፤ ሌላውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። እንዲህ ሲል ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ ትንሹን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ከዛፉ ሥር ቆመ። ሱፐርዙም አንገቱን አወጣ፣ አወጣ፣ አወጣ። የእሜት ጉሬዛ ፊት ጎሹ እጅ ላይ ያለ እስኪመስል ድረስ ቀረበ። ጎሹም ደስ ብሎት አነሳ። ነገር ግን ከቅጠሉ በታች ጨለማ ነው፤ ትንሿ ዓይን ብርሃን አጣች። እጁም በትንሹ ስትንቀጠቀጥ ያ የረዘመ አንገት አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ጎሹ ፎቶውን ለዳኛው አሳየ። አባ ሞገሴ አቀረቡት፣ አራቁት።

«እኔ የሚታየኝ ግራጫ ነገር ነው» አሉ።

«ጭስ ነው ጌታዬ!» አለ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ምሳር። «ጭስ ደግሞ ቤት የለውም!»

አንደኛው ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በማግስቱ ጎሹ ትንሹን መልሶ ትልቁን ተዋሰ። ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ከዛፉ ሥር ቆመ። ሚረርለስ ሰፊ ዓይኑን ከፈተ። እውነትም ጨለማው አልበገረውም፤ የቅርፊቱ ስንጥቅ፣ የቅጠሉ ጅማት፣ በሸረሪት ድር ላይ የቀረችው የውሃ ጠብታ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። እሜት ጉሬዛና ልጇ ግን ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሀል ከገብስ ፍሬ አይበልጡም ነበር። አጭሯ ሌንስ ከዚያ በላይ አልደረሰችም።

አባ ሞገሴ ፎቶውን አይተው «የሚያምር ዛፍ ነው» አሉ። «ይህቺ ነጭ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የወፍ ኩስ ናት ጌታዬ» አለ ምሳር።

ጎሹ ፊቱ ተቀያየረ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለትና ምሳር መኖሩን ሳያስብ ተናገረው።

«አባ ሞገሴ፣ ነገ እናቲቱ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወርዳ በዚሁ ካሜራ ከቅርብ ባነሳት ይቀበሉኛል?»

«ዛፍ ላይ እስከሆነች ድረስ እቀበላለሁ» አሉ።

ምሳር ይህን ሰማ። ሰማና ሹልክ ብሎ ወጣ።

ጎሹ ወደ እትዬ ውብዳር ተመለሰ። «ለዚህ ለትልቁ ረጅም ሌንስ የለሽም?» ብሎ ጠየቃት።

«በዚህ ከተማ ማንም ጋ የለም» አለችው። «ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። ወራት ይፈጃል።»

ያለው አንድ ቀን ነው። ጎሹ እንደገና ዳገቱን ወጥቶ ለእሜት ጉሬዛ ነገራት። አያ ጉሬዛ ቅርንጫፉን በእግሩ መታ።

«አይሆንም! ታች የእኛ አይደለም። አንቺ ብቻሽን ብትወርጂ አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ይዘሽ?»

«ዳኛው እናት ከነልጇ ነው ያሉት» አለች እሜት ጉሬዛ።

«እኔ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን ዛፉ ከተቆረጠ ሁላችንም ታች ነን።»

አያ ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ፈቀቅ አለላት። እህቷም ልጁን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

በዚያው ሰዓት ምሳር ከከሰል አክሳዩ ጌታው ቤት ደጃፍ ከውሻ ጋር ያወራ ነበር።

«ነገ ከትልቁ ዝግባ ሥር፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ተኛ» አለው። «ጉሬዛ ትወርዳለች።»

«እኔ ምን ቸገረኝ?» አለ ውሻ።

«ሥጋው ያንተ ነው፣ እንጨቱ የእኔ።»

ውሻም ጅራቱን ቆላ።

በሦስተኛው ቀን ጎሹ ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ከዛፉ ሥር ቆመ። እሜት ጉሬዛ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ መውረድ ጀመረች። አንድ ቅርንጫፍ ወርዳ ቆመች። ሁለተኛውን ወርዳ ቆመች። እህቷ ከኋላዋ ትከተላለች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ስትደርስ ጎሹን ቁልቁል አየችው።

«እዚህ ይበቃል?»

ሚረርለስ በጎሹ እጅ ውስጥ ሆኖ ሹክ አለ፦ «ትንሽ ወደ ፊት ትምጣ።»

«ትንሽ ወደ ፊት ነይ» አላት ጎሹ።

ወደ ፊት መጣች። ቅርንጫፉም ጎንበስ አለ። ጎሹ አነሳ። የእናቲቱ ዓይን፣ የልጁ ጣቶች ጡቷን ጨብጠው፣ እያንዳንዱ ጸጉር ለብቻው ወጣ። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። «ወጣ! ወጣልን!» ብሎ ጮኸ።

ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ የሰማችው እሷ ናት። ለመዝለል ጊዜ አልነበራትም፤ ለመወርወር ግን ነበራት። ልጇን ከደረቷ ላይ ነጥቃ ወደ ላይ ወረወረችው፤ እህቷም በአየር ላይ ቀለበችው። ውሻው ዘሎ ረጅሙን ጅራቷን ያዘ። ጎሹ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፣ ጮኸ፣ ተከትሎ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነስቶ እንደገና ሮጠ። ሲደርስ ነገሩ አልቋል።

ከላይ አያ ጉሬዛ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ቅጠሉ ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ የቀሩት ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ሸሹ።

ጎሹ ጉልበቱ እየደማ ዳኛው ግቢ ገባ። አባ ሞገሴ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

«ይህ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናት ናት። ልጇም ነው። ዛፍ ላይም ነች። አሁን የት አለች?»

ጎሹ አንገቱን ደፋ። «ሞታለች።»

«ሌሎቹስ?»

«ሸሽተዋል።»

«ታዲያ ዛሬ ጫካው ውስጥ ማን አለ?»

 ምሳርም በዚያ ቀን አንድ ቃል መናገር አላስፈለገውም። አባ ሞገሴ ከልባቸው አዘኑ፤ ቢያዝኑም ፈቀዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጀመሪያው ዝግባ ሲወድቅ ድምፁ ከተማ ድረስ ተሰማ።

ጎሹ ሚረርለስን ሊመልስ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደ። እትዬ ውብዳር ጓዳ ነበረች። ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን አስቀመጠና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ጨለማ ውስጥ እንደማታይ ለምን አልነገርከኝም?» አለው ትንሹን።

«ብነግርህ የማትወስደኝ መስሎኝ» አለ ሱፐርዙም።

«አንተስ? በዚያች አጭር ሌንስ ሩቅ እንደማትደርስ?»

«እኔም እንደዚያው» አለ ሚረርለስ።

 ከዚያ ሱፐርዙም ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጎሹ፣ ጉሬዛዎች ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ከቅጠሉ በላይ ይወጡ የለም?»

«ይወጣሉ።»

«በዚያ ሰዓት ከወንዙ ወዲህ ቆመህ ቢሆን ኖሮ፣ ብርሃን ስላለ ከነልጇ አጥርቼ አነሳት ነበር። መውረድም አያስፈልጋትም ነበር። ጨለማ እንደማልችል ብነግርህ ኖሮ በፀሐይ ትወስደኝ ነበር።»

ጎሹ ይህን ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የመጀመሪያውን ጠዋት እዚያው ፎቶ ቤት ቆሞ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲያስቀምጥ እንዳሳለፈ አስታወሰ። «እኔስ ለምን አልጠየቅኋችሁም?» አለ። ከዚያ ዳኛው የመለሱለትን ፎቶ ይዞ ተነሳ።

ወደ ውጭ ሲወጣ ከከተማው ዳርቻ፣ በአጥሩ ላይ፣ አያ ጉሬዛና የሚስቱ እህት ሲያልፉ አገኛቸው። ልጁ አክስቱ ደረት ላይ ተለጥፎ ጡት ፍለጋ ይዳብሳታል፤ እሷ ግን ወተት የላትም። ጎሹ እየሮጠ ደርሶ ፎቶውን ዘረጋላቸው።

«እንኩ፣ ውሰዱት። ሲያድግ እናቱን ይያት።»

አያ ጉሬዛ ወደ ፎቶው አላየም። እህቷ ግን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«አንተው ጋ ይሁን ጋሽ ጎሹ» አለችው። «የምንሰቅልበት ግድግዳ ድሮም አልነበረን። አሁን ደግሞ የምናስቀምጥበት ዛፍ የለንም።»

ይህን ካለችው በኋላ ሄዱ። ወዴት እንደሄዱ ያየ የለም፤ ልጁ ይደግ አይደግ የነገረኝ የለም። የማላውቀውን ጨምሬ አላሳምርላችሁም።

እኔ የሰማሁትን ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦ ሁለት ነገር ቀርቦላችሁ አንዱን የምትመርጡ ከሆነ፣ የሚችለውን እሱ ራሱ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ የማይችለውን ግን እናንተ ጠይቁ፣ ደግሞም በጊዜ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ ለቀራችሁት ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ነውና።