ኮረብታ የሌላቸው ልጆች

አንዲት የካርቱን ሠዓሊ ነበረች፤ ስሟ ትርሲት ይባላል። ሥራዋ በካርቱን ውስጥ ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየውን ሰማይ፣ መሬት፣ ዛፍና ቤት መሳል ነው። የምትስለው በኮምፒውተር፣ ቬክተር በሚባል፣ ቅርጾችን በመስመር በሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ክብ ሠርታ አረንጓዴ ትሞላዋለች፣ ዛፍ ይሆናል፤ መስመሩን ሳብ አድርጋ ታጎብጠዋለች፣ ኮረብታ ይሆናል። እንዲህ የተሳለ ሥዕል ቢያሳንሱትም ቢያተልቁትም አይበላሽም። ስለዚህ ድሮ የሳለቻቸውን ኮረብቶችና ቤቶች አስቀምጣ፣ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር እያወጣች ትገጣጥማቸው ነበር።

አንድ ቀን በጋምቤላ፣ ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ልጆች የአራት ደቂቃ ካርቱን እንድትሠራ ታዘዘች። ወንዙ ሲሞላ ፈጥነው ወደ ከፍታ እንዲሸሹ የሚያስተምር ነው። ትርሲትን መልክዓ ምድሩ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። አረንጓዴ ኮረብታ፣ ከሥሩ ቀጭን ሰማያዊ ወንዝ፣ አጠገቡ ቀይ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት። ውሃው ሲመጣ በካርቱኑ ያሉት ልጆች እየሮጡ ኮረብታው ላይ ይወጣሉ።

ሥራው ሲያልቅ ለሙከራ ራሷ ይዛው ወደ አንድ የወንዝ ዳር መንደር ትምህርት ቤት ሄደች። ተማሪዎቹ ኦሞድ በሚባል መምህር ክፍል ተሰብስበው አዩት፤ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ትርሲትም ደስ አላት። መምህሩ ግን ወደ ልጆቹ ዞር ብሎ፣ «እሺ፣ የእኛ ወንዝ ቢሞላስ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

አሪየት የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች። በአኙዋክኛ የተናገረችውን መምህሩ ለትርሲት ተረጎመላት።

«እነዚያ ልጆች ኮረብታ አላቸው፤ እኛ የለንም።»

ትርሲት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። እውነት ነበር፤ እስከ አድማስ ድረስ ሜዳ ነው። ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

«መምህር፣ ከመሳሌ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

«አሁን ጠይቂያ፣ እህቴ» አላት ረጋ ብሎ።

«ውሃው ሲመጣ ወዴት ነው የምትሸሹት?»

«አምና ሁሉም ባገኘበት ሮጠ። የአሪየትን ታላቅ እህት ያጣናት ያኔ ነው። ደኅናው ቦታ አስፋልቱ ነው፤ አፈር ተሞልቶ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ግን የማንጎ ዛፎች ስለሚጋርዱት ከመንደሩ አይታይም። ትንንሾቹ የቱ ጋ እንዳለ አያውቁም።»

ትርሲት መመለሻዋን አዘገየች። ሦስት ቀን ሙሉ ከመምህሩና ከልጆቹ ጋር ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ ተመላለሰች። ወንዙ ሰፊና ጭቃማ መሆኑን አየች። የጎጆዎቹ የሣር ክዳን ወደ መሬት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ልጆቹ መታጠፊያውን የሚያውቁት በየትኛው ማንጎ እንደሆነ አስተዋለች።

አዲስ አበባ ስትገባ የድሮውን ሁሉ አጥፍታ እንደገና ጀመረች። ለመሬቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ለወንዙ ሰፊ ቡናማ ቀለም። ሦስት ጎጆ፣ ጥቂት ማንጎ፣ ከማንጎዎቹ ኋላ ከፍ ያለ ጥቁር መንገድ። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ባልደረባዋ አይቶ፣ «ይሄማ ከበፊቱም ቀለለ። ሳምንት የፈጀብሽ ይሄ ነው?» አላት።

«የፈጀብኝ መሳሉ አይደለም» አለችው። «ምን መተው እንዳለብኝ ማወቁ ነው።»

ካርቱኑ በመምህሩ ክፍል ዳግመኛ ሲታይ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የእኛ ማንጎ! የእኛ ማንጎ!» እያሉ ጮኹ። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃቸው፣ የሁሉም ጣት ወደ አስፋልቱ አመለከተ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ። በማግስቱ መምህር ኦሞድ ለትርሲት ደወለላት።

«ቤቶቹን ውሃ ወስዷቸዋል» አላት። ድምፁ ደክሟል። «ልጆቹ ግን እዚህ አስፋልቱ ላይ ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንድም አልጎደለም። አሪየት ትንንሾቹን እጅ ለእጅ አያይዛ ነው ያመጣቻቸው።»

ትርሲት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች።

ወዳጆቼ፣ ነገርን ቀለል አድርጎ ማሳየት የሚችለው መጀመሪያ በደንብ ያየ ሰው ነው። ብዙዎቻችን ግን ለእኛ የሠራልንን መፍትሔ አንስተን ለሌላው እንሰጣለን። መውጫ ለሌለው ሰው «ውጣ» እንለዋለን፤ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ምክር አይሰማም ብለን እናዝንበታለን። እርስዎስ በቅርቡ ምክር የሰጡትን ሰው ያስታውሱታል? ከመምከርዎ በፊት፣ እሱ ካለበት ቆመው ምን እንደሚታይ አይተው ነበር?